ሊቀ ደም አጽብሃና አሥራ አራቱ ከረጢቶች

በአዲስ አበባ ፋርማሲ የሌለው ሰፈር አለ፤ ውሃ የሌለው ሰፈርማ ሞልቷል። ሰው መታመሙን ከታማሚው ቀድሞ የሚሰማ፣ አልጋው አጠገብ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚደርስ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት ከነርሷ ቀድሞ መነጽሩን አድርጎ የሚያነብ ሽማግሌ የሌለው ሰፈር ግን የለም። አለ የሚል ካለ አድራሻውን ይስጠኝ፤ ነገውኑ ቤት እከራያለሁ።

የእኛው ክቡር አቶ አጽብሃ ይባላሉ። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል አሳልፈው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። ሰፈርተኛው «ሊቀ ደም» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። የተሰጣቸው በሹፈት ነበር፤ እሳቸው ግን በምስጋና ተቀብለው፣ ሲጠሩበት «አቤት» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ማዕረጉ የመጣው ከሥራቸው ነው። አንድ ሰው ቀዶ ጥገና ሊደረግለት መሆኑ ሲሰማ ሌላው ጎረቤት «እግዜር ይማርህ» ይላል። አቶ አጽብሃ «ስንት አሉ?» ይላሉ። ሐኪሞቹ ስንት ከረጢት ደም ጠየቁ ማለታቸው ነው። ሁለት ከተባሉ አራት ሰው፣ አራት ከተባሉ ስምንት ሰው ሰብስበው ያሰልፋሉ። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ለመጠባበቂያ!» ጥርሱን ሊነቀል የሄደ ሰው ሳይቀር «ስንት አሉ?» ተብሎ ያውቃል።

እድራችን እንደማንኛውም እድር ሰው ሲሞት የሚነቃ ነበር። ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ድስቱም የሚጠብቁት ሬሳ ነው። ከዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በፊት አቶ አጽብሃ በጠቅላላ ጉባኤው መሐል ተነሡና «እስከ መቼ ነው ሰው ከሞተ በኋላ የምንደርስለት? ትንሽ ቀደም ብንልስ? ደም እንስጥ፤ ሰውም ይድናል፣ ድንኳኑም ያርፋል» አሉ። ድንኳኑ ያኔ ሦስት ቦታ ተቀዶ ስለነበር ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ከእጃቸው የማይለይ ደብተር አላቸው። ስም፣ የደም ዓይነት፣ ክብደት፣ መጨረሻ የሰጠበት ቀን። አምስተኛው ዓምድ «ጠባይ» ይላል። አዎ፣ ጠባይ። ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ጋራዥ ያለው መብርሃቶም ሰማንያ ሰባት ኪሎ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ደሙ ለማንኛውም ሰው የሚስማማው ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ የደም ባንክ ሰዎች ሲያዩት ከወንበራቸው ብድግ ነው የሚሉት። በአምስተኛው ዓምድ ግን «ቱግ ይላል» ተብሎ ተጽፎበታል። በዚህ ምክንያት አቶ አጽብሃ የእሱን ደም ለሴት ታማሚ አይጠሩም ነበር። «ከሰመመን ስትነቃ ነርሷን ብትሳደብስ? ማን ይጠየቃል?» ይላሉ። መብርሃቶም ይህን የሰማ ዕለት ቱግ ብሎ ቤታቸው ድረስ መጣ። እሳቸውም ደብተሩን አውጥተው ከጽሑፉ አጠገብ የ«ራይት» ምልክት አደረጉበት።

የኪዱና የፍሬሰላም ጉዳይ ግን ሁሉን ይበልጣል። ፍሬሰላም መኪና ገጭቷት ስትተኛ ጎረቤቷ ኪዱ ደም ሰጠላት፤ ልብም አብሮ ሄደና በዓመቱ ሽማግሌ ተላከ። በሁለቱ ቤተሰብ መካከል እስከ ሰባት ቤት ዘር ተቆጠረ፤ ምንም የሚያገናኝ አልተገኘም። እልል ሊባል ሲል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደብተሩ ተገለጠ። «ይቅርታ፤ እነዚህ ልጆች ከመጋቢት ሃያ ሁለት ጀምሮ ዘመዳሞች ናቸው» አሉ።

የፍሬሰላም እናት አለቀሰች፣ የኪዱ አባት ወንበር ገፋ፣ ነገሩ ካህን ዘንድ ደረሰ። ካህኑ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት» ብለው መስቀል አሳለሟቸው። የገላገለችን የደም ባንክ ነርስ ናት። ሰው በማንም ስም ደም ይስጥ፣ ደሙ ባንክ ገብቶ ለሚስማማውና ለሚያስፈልገው እንደሚሄድ፣ የኪዱም ደም ፍሬሰላም ጋ እንዳልደረሰ አስረዳች። አቶ አጽብሃ ጋብቻውን ፈቀዱ። ኪዱን ግን ጠጋ ብለው «በዚህ ከተማ ውስጥ አንድ የማታውቃት እህት አለችህ፤ ተጠንቀቅ» አሉት።

ከዚያ ሰፈራችን ካዛንቺስ ፈረሰ። ግማሹ ሰው ገላን ገባ፣ ሌላው ኮንዶሚኒየም ደረሰው፤ እኔ ቂርቆስ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እውነቱን ልናገርና ሰፈሬን በማጣቴ ባለቅስም፣ አቶ አጽብሃ ከተማ ጫፍ መሄዳቸውን ስሰማ እፎይ ብያለሁ። ከአሁን በኋላ ጉንፋን ቢይዘኝ የሚታወቅብኝ መንገድ የለም ብዬ።

ባለፈው ዓመት ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ባምቢስ ያለው መሥሪያ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ቆሜ ስልክ የማወራ እመስላለሁ። ዕድሜ ነው አልኩ፣ ውፍረት ነው አልኩ። ምርመራው ሌላ አለ፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር። ደሜ ያለቀው እዚያ እየተንጠባጠበ ነው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከእኔ በቀር የሚያስተዳድረኝ የለም። መቀለዴን አትዩ፤ ያን ሰሞን መብራት ሳላጠፋ ነበር የምተኛው። ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አቶ አጽብሃ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል።

«ስንት አሉ?»

የድሮ ጎረቤታችን አሰፋሽ ዘመድ ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄዳ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አይታኛለች ለካ። ከገላን እስከ እኔ በር ሦስት ታክሲ ነው፤ እሳቸው ሦስቱንም ይዘው መጡ።

በቀጠሮዬ ቀን ተከትለውኝ ሐኪሟ ክፍል ገቡ። ዶክተር ቢፍቱ በዕድሜ ታናሼ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ብዙ የማትስቅ የካንሰር ቀዶ ሐኪም።

«አባቴ፣ እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለቻቸው።

«የእድሯ ጸሐፊ» አሉ በኩራት።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ «ገና ነው እኮ» አለች።

ከዚያ ሥዕል እየሣለች አስረዳችን። የተበላሸው የአንጀቴ ክፍል ይወጣል፤ ጊዜ ካልፈጀን ጥሩ ተስፋ አለው። የደሜ መጠን ግን ከአሥራ ሁለት በላይ መሆን ሲገባው ስምንት ነጥብ አራት ነው። አቶ አጽብሃ እስክሪብቶ መዘዙ። «ስንት ይምጣ?»

«ሁለት ሰው ይስጥና ይቀመጥልን። ግን ባንጠቀምበት ነው የምመርጠው። አንድ ወር አለን፤ በደም ሥሯ የብረት መድኃኒት እንሰጣታለን፣ የራሷን ደም ትሥራ።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። «ልጄ፣ በርሜሉ ባዶ ሆኖ፣ ቦቴው በር ላይ ቆሞ፣ ዝናብ ይጠበቃል እንዴ?»

«አባቴ፣ ደም መድኃኒት ነው፤ እንደማንኛውም መድኃኒት ደግሞ ጣጣ አለው። በካንሰር ቀዶ ጥገና ጊዜ ደም የተሰጣቸው ሰዎች ቁስላቸው ቶሎ ሲያመረቅዝ፣ በሽታውም ሲመለስባቸው በብዛት ታይቷል። ጥፋቱ የደሙ ይሁን፣ ወይስ ደም የሚያስፈልገው ሰው ቀድሞውኑ የባሰበት ስለሆነ፣ እኛው ራሳችን እየተከራከርንበት ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ አልጨምርባትም።»

«ታዲያ ሁለቱን ለምን ትጠይቂያለሽ?»

«ሁለት ከረጢት አጠገቤ ሳይቀመጥ ቢላ አላነሣም። ከፈሰሳት አንዲት ደቂቃ አላባክንም፣ እሰጣታለሁ። ካልፈሰሳት አልነካውም።»

አቶ አጽብሃ ደብተሩን ዘጉ። ከዚያ እስከ ባምቢስ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ይህን የሚያምነኝ የእድር አባል የለም። ተቀይመዋል አልኩ በልቤ። የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራቸውን አንዲት ልጅ «አልነካውም» ብላ ሰደበችባቸው።

በማግስቱ ግን መጡ። በፌስታል ጉበት ይዘዋል።

«ጋሽ አጽብሃ፣ ሁዳዴ ነው እኮ!»

«ተፈቅዷል።»

«ማን ፈቀደ?»

«የንስሐ አባትሽ።»

ከንስሐ አባቴ ጋር ከተያየን ስድስት ዓመት አልፎናል። የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን አፈላልገው አግኝተዋቸው፣ ስለ መጥፋቴ በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቀው፣ ጉበቱን በሕመም ምክንያት አስፈቅደው መጡ። ራሳቸው ሽሮ እየበሉ የእኔን ጉበት ቆመው አስጨረሱኝ። ለአንድ ወር ሙሉ በየሁለት ቀኑ ይኸው ነው። ሐኪሟ «ምግብ ላይ ሻይና ቡና ብረቱን ያባክናል» ብላ ነበርና እሱንም ሕግ አደረጉት። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ተደብቄ ማኪያቶ ባዝ፣ አስተናጋጁ የብርቱካን ጭማቂ አቀረበልኝ። «ያ አባት ቀየሩት» አለኝ። ከበሩ አጠገብ ጋዜጣ ተገልጦ ይታያል፤ ከጋዜጣው በላይ ኮፍያ ይታያል።

በወሩ ደሜ አሥር ነጥብ ዘጠኝ ደረሰ። ቀን ተቆረጠልኝ። በዋዜማው ስልክ ተደወለ፤ የእኔ ደም ቢ ኔጌቲቭ ስለሆነ የሚስማማኝ በመጠባበቂያ አልተገኘም፣ ቀዶ ጥገናው ተላልፏል። ሌላው ሁሉ ተዘጋጅቶ፣ ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ፍሪጅ እስኪሞላ ልጠብቅ ነው። ያን ዕለት አለቀስኩ። አቶ አጽብሃ አጠገቤ ተቀምጠው ደብተራቸውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው አወረዱና አንድ ስም ላይ ቆሙ።

«ተነሽ፤ ቡልጋሪያ እንሄዳለን» አሉ።

መብርሃቶም አንድ ሚኒባስ ሥር ተንጋሎ እግሩ ብቻ ይታያል። አቶ አጽብሃ ኮፍያቸውን አውልቀው ለእግሩ ተናገሩ።

«መብርሃቶም፣ ጠባይ የሚለውን ዓምድ ሰርዤዋለሁ።»

መፍቻ መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ ድምፅ መጣ። «ቱግ እላለሁ እኮ ጋሼ።»

«በል፣ ቱግ በልላት። አሁን የሚያስፈልጋት እሱ ነው።»

መብርሃቶም ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እኔን አየኝ፤ ምን ያህል እንደከሳሁ ፊቱ ላይ አነበብኩት። «መቼ ነው?» አለ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ጠዋት መስቀል አደባባይ፣ ደም የሚቀበለው መኪና አጠገብ፣ የፈረሰው ሰፈሬ ተሰልፎ አገኘሁት። ሯጮቹ በመካከላችን እየሾለኩ ያልፋሉ። አሥራ ዘጠኝ ሰው መጥቷል። ከገላን የተነሡት ቁርሳቸውን በፌስታል ይዘው፣ ሦስት ታክሲ ነው ያደረሰን እያሉ ይሳሳማሉ። ኪዱና ፍሬሰላም ልጅ ታቅፈው መጥተዋል። አሰፋሽ ደሟ ኔጌቲቭ መሆኑን ያወቀችው ያን ዕለት ነው፤ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ለሁሉም ትናገራለች። አቶ አጽብሃ ሰልፉን ሁለት ጊዜ ቆጥረው ራሳቸውም መጨረሻ ላይ ቆሙ። ከስልሳ አምስት በላይ የሆነ ሰው አይሰጥም።

«ዕድሜ?» አለች ነርሷ።

«ስልሳ አራት።»

«አባባ፣ ባለፈው ዓመትም ስልሳ አራት ብለውኛል።»

«ዘንድሮ አልጨመርኩም።»

አባረረቻቸው። ሌሎች አራት ሰዎች በግፊትና በክብደት ወደቁ። አሥራ አራት ከረጢት ሞላ። ሐኪሟ የጠየቀችው ሁለት ነው። እኔ ደግሞ ስለ ቀዶ ጥገናው ከመፍራቴ በላይ አንድ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ ይህ ሁሉ ሰው ከከተማ ጫፍ መጥቶ ሰጥቶ፣ ሐኪሟ «አልነካሁትም» ብትል፣ እኚህ ሰውዬ ምን ሊሆኑ ነው? ሆስፒታሉን አይለቁትም። «ከተረፈ ዝም ብሎ ይግባና ይቀመጥላት» ሊሉ እንደሚችሉ በደንብ አውቃቸዋለሁ።

ረቡዕ ጠዋት አስገቡኝ። አቶ አጽብሃ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ አልጋውን ይዘው ሄዱ። የተወለዱት አድዋ አውራጃ ቢሆንም ከእኛ ጋር ትግርኛ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። በሩ ሲከፈት ግን «ኣጆኺ ጓለይ» አሉኝ። አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው።  ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት ነው የማስታውሰው።

ስነቃ ዶክተር ቢፍቱ አጠገቤ ቆማለች። «ጥሩ ሆነ። ያየሁትን ሁሉ አውጥቻለሁ፤ የላቦራቶሪውን እንጠብቃለን» አለች። ቀጥላ «ደም አልተጠቀምንም፤ ጠብታም» አለች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከተመስገን ቀድሞ አፌ ላይ የመጣው «ለጋሽ አጽብሃ ማን ይነግራቸዋል?» የሚል ነው። ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። 

ጠያቂ በተፈቀደልኝ በአራተኛው ቀን፣ በጥየቃ ሰዓት ኮሪደሩ ሲንጫጫ ሰማሁ። ሁሉም መጥተዋል። ዘበኛው ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ ብሎ በሩ ላይ ቆመ፤ መጀመሪያ የገቡት አቶ አጽብሃና አሰፋሽ ናቸው። አቶ አጽብሃ ከአልጋው ጫፍ ቆሙ፤ ወዲያው ይመረምሩኛል ብዬ ስጠብቅ ምንም አይጠይቁም። ክንዴን ያያሉ። የተሰቀለልኝን ውሃ ያያሉ። እንደገና ክንዴን ያያሉ። አልቻልኩም።

«ጋሽ አጽብሃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ሁሉ ሰው ከገላን ድረስ አምጥተው… አልገባም። አንዱም አልገባም።»

«አንዱም?»

«አንዱም።»

ኮፍያቸውን አወለቁና ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ፊታቸውን በኮፍያው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ገደልኳቸው አልኩ። ይቅርታዬን ልደግም አፌን ስከፍት አሰፋሽ እጄን ያዘችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ይቅርታ የምትጠይቂው? አንቺ ውስጥ እያለሽ እኚህን ሰውዬ ባየሻቸው። ሦስት ሰዓት ከሩብ በሩ ላይ ተገትረው ነው የቆሙት። ተቀመጡ ብላቸው አይሰሙኝም። በሩ በተከፈተ ቁጥር፣ ነርስ በወጣች ቁጥር፣ ደም አምጡ ልትል ነው ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ‹ቂርቆስ አባቴ፣ ከሰበሰብኩት አንዲቱን አታስነካ፤ ጃንጥላ አገባልሃለሁ› እያሉ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

አቶ አጽብሃን አየኋቸው። ኮፍያው ወረደ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ደግሞ ተቆጥተዋል።

«ምን ታፈጥጫለሽ? ሐኪሟ ልጅ ያለችውን እኔም ሰምቻለሁ። ደንቆሮ መሰልኩሽ?»

«ታዲያ አሥራ አራት ሰው ለምን ሰበሰቡ?»

«እንዳይጎድል ነዋ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዳይጎድል፤ ደግሞም እንዳይነካ» አሉ።

ብድግ ብለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። በሩ ሳይዘጋ ድምፃቸው መጣ። «ወገኖቼ! አንድም ጠብታ!»  ከዚያ መብርሃቶም «እንዴት አንድም! የእኔ ኦ ኔጌቲቭስ የት ገባ?» ብሎ ጮኸ። «ለሚያስፈልገው ይገባል! እሷን አላስፈለጋትም እያልኩህ! እልል በሉ እንጂ፣ ምን ታዩኛላችሁ!» ለምን እልል እንደሚሉ ግማሾቹ አልገባቸውም፤ ብለውታል ግን። ዘበኛው «ሆስፒታል ነው! ሆስፒታል ነው!» እያለ ሲሯሯጥ ይሰማኛል። የጎን አልጋዋ ሴትዮ ማን ወልዳ ነው አለችኝ።

የላቦራቶሪው ውጤት ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ፤ የተቆረጠው አንጀት ዳር ዳሩ ንጹሕ ነው፣ በአካባቢው ያሉት ዕጢዎችም ከካንሰር ነጻ ናቸው። በየሦስት ወሩ እታያለሁ። ሐኪሟ ቃል አትሰጥም፤ እኔም አልጠይቃትም። ያን የጥየቃ ዕለት አልጋ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ግን ስለ ውጤቱ አልነበረም። ሰው ብዙ ነገር ሆኖልኛል፤ አዝኖልኛል፣ መክሮኛል፣ ታዝቦኛል። እንዲህ የፈራልኝ ሰው ግን እናቴ ካረፈች ወዲህ አላየሁም። እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ተናግሬው አላውቅም።

የጥየቃው ሰዓት ሲያልቅ ሁሉንም አስወጧቸው። አቶ አጽብሃ ከዘበኛው ጋር ተጨቃጭቀው ብቻቸውን ተመለሱና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ጀሚ፣ ያን የስለቱን ነገር ለሰው እንዳትናገሪ። ይስቁብኛል።»

አልናገርም ብዬ ማልኩላቸው። ይኸው ለከተማው በሙሉ ተናገርኩ። የሚስቅባቸው ካለ ግን ከእኔ ጋር ይነጋገር።